የፎርድ የጭነት መኪና የፊት ክንድና የበያጆች ድርሻ

የአውቶሞቢል ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከፋብሪካው የንድፍ ክፍል ነው፤ የሚጨርሱትም መኪናው ከፋብሪካው በር በወጣበት ቀን ነው። እኛ በዚህ ጥናት የምንከተለው ዕቃ ግን ከታሪኩ የሚበዛው ክፍል ከዚያ በር ውጭ የተፈጸመ ስለ ሆነ፥ ይህ ልማድ አይበቃንም። ዕቃውም የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ በቀላል የጭነት መኪናዎቹ ላይ የገጠመው የፊት እግር ክንድ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ የምንሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከ1965 ሞዴል በፊት ኤፍ-100 የተባለው መኪና የፊት ጎማዎቹ ከግራ እስከ ቀኝ በሚደርስ አንድ ወጥ አክስል ላይ ተገጥመው በባሌስትራ ላይ ያርፉ ነበር። አንዱ ጎማ ድንጋይ በወጣ ጊዜ ሌላውም አብሮ ያዘነብላል። ተወዳዳሪው ሼቭሮሌ በ1960 ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን የፊት እግር ስላወጣ፥ ፎርድም በ1965 ሞዴል «ትዊን አይ-ቢም» በተባለው አሠራር መልስ ሰጠ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ወጥ የነበረው አክስል በሁለት የተቀጠቀጡ የብረት ክንዶች ተተካ። የቀኙን ጎማ የሚይዘው ክንድ መታጠፊያው በግራው የቴላዮ ጎን አጠገብ ነው፤ የግራውም እንዲሁ በቀኝ በኩል። ስለዚህ ሁለቱ ክንዶች አንዱ ከሌላው ፊት ሆነው ይተላለፋሉ። ከእያንዳንዱ ክንድ ወደ ኋላ የሚዘረጋ ሌላ ዘንግ ክንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ ክብደቱንም ጥምዝ ሞላ ይሸከማል።

ክንዶቹ እንዲተላለፉ የተደረገው ርዝመት ለማግኘት ነው። ጎማው ከክንዱ ጋር በጽኑ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ክንዱ ሲያዘቀዝቅ ጎማውም አብሮ ያዘነብላል። ለምሳሌ ክንዱ 1 ሜትር ቢሆንና ቴላዮው ከጎማው አንጻር 10 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል፥ ጎማው ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ ክንዱ በግማሽ ቢያጥር ግን ማዘንበሉ ከ11 ዲግሪ ያልፋል። ለእርሻና ለከተማ ጭነት የመጀመሪያው የሚቻል ነገር ነበር። የጎማ አቋም የሚያስተካክሉ ቤቶችም ጥቂት ስሕተት ባገኙ ጊዜ ክንዱን በሃይድሮሊክ ፕሬስ በቀዝቃዛው ያጎብጡት ነበር። ይህን ልብ እንበል፤ ክንዱ ከመጀመሪያው የሰው እጅ የሚያርመው ዕቃ ሆኖ ነበር።

ታላቁ ፈተና የመጣው ከሜክሲኮ በረሓ ነው። በ1967 በባሐ ካሊፎርኒያ ልሳነ ምድር ከቲዋና እስከ ላ ፓዝ፥ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ የመጀመሪያው «ሜክሲካን 1000» ውድድር ተደረገ። ያሸነፈው በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ የገባ፥ በፎልክስዋገን ዕቃዎች ላይ የተሠራ ቀላል የአሸዋ መኪና ነበር። የጭነት መኪና እንዲህ ባለው አገር በፍጥነት ለመሮጥ ጎማው ከፋብሪካው ከተፈቀደለት ይልቅ እጅግ መውጣትና መውረድ አለበት፤ ቴላዮውም ከፍ ማለት አለበት። ቴላዮው ከፍ ሲል ግን የሁለቱም ጎማዎች አናት ወደ ውጭ ይከፈታል፤ መኪናው በጎማው የውጭ ጠርዝ ብቻ ይቆማል፤ መሪውም ይታወካል።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት ተገኘ። ቀላሉ የክንዱን መታጠፊያ በተጨማሪ ብረት ዝቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ክንዱን ራሱን ቆርጦ፥ ጫፉን ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም አዙሮ፥ እንደ ገና መበየድ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት መታጠፊያውን ወደ ድንጋዩ ስለሚያቀርበው፥ ለበረሓ የሚሠሩት ሰዎች ሁለተኛውን መምረጣቸው ትክክል ይመስለናል፤ ነገር ግን አደጋው እዚህ ላይ ነው። የተቀጠቀጠ የካርቦን ብረት በብየዳ ከጋለ በኋላ በፍጥነት ቢቀዘቅዝ፥ በብየዳው ዳር ያለው ክፍል እንደ መስታወት ጠንካራና ተሰባሪ ይሆናል። ከእርጥብ ኤሌክትሮድ የሚገባ ሃይድሮጅን ደግሞ ሥራው ካለቀ ከብዙ ሰዓት በኋላ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ስንጥቁ ለዓይን ላይታይ ይችላል፤ ክንዱ የሚሰበረው ግን መኪናው በሩጫ ላይ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው ከመሪው ቁጥጥር ይወጣል፤ ሰውም ይሞታል።

ስለዚህ ዐዋቂ በያጅ ብረቱን አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ የቁራጩን አፍ በሞላ እስኪገባ ድረስ አሹሎ ይሞርደዋል፤ ደረቅ ኤሌክትሮድ ይጠቀማል፤ ሲጨርስም ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይሸፍነዋል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብና ብረቱን ስለሚጎትት፥ ክንዱ በጽኑ ማሰሪያ ላይ ታስሮ ይሠራል። ከዚያም በሁለቱ ጎኖች ላሜራ ተለጥፎ የ«አይ» ቅርጽ የነበረው እንደ ሣጥን ይዘጋል። የላሜራው ጫፍ ክንዱን አቋርጦ በቀጥታ እንዲያልቅ አይደረግም፤ ኃይሉ በአንድ መስመር እንዳይከማች በሰያፍ ይቆረጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የፋብሪካው ንድፍ የሚናገረው ቃል የለም።

የዚህ ሥራ ዝነኛ ምስክር «ቢግ ኦሊ» ነው። የ1963 የኢንዲያናፖሊስ አሸናፊ ፓርኔሊ ጆንስ ከቢል ስትሮፕ ጋር ሆኖ በዚህ መኪና የ1971ንና የ1972ን «ሜክሲካን 1000» አሸነፈ። መልኩ ብሮንኮ ነው፤ ውስጡ ግን ከቱቦ የተበየደ ቴላዮ ነበረ፤ የፋብሪካው ብሮንኮ በፊት ወጥ አክስል ሲኖረው፥ በዚህ ላይ የተገጠመው ከጭነት መኪናው የመጣው የተሻሻለ ትዊን አይ-ቢም ነበር። ብረቱን የሠራው የስትሮፕ ባለሙያ ዲክ ራስል ነው። የነጂውን ስም የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የራስልን ስም ግን ከሙያው ሰዎች በቀር የሚያነሣው ጥቂት ነው።

አንዳንዶች እነዚህን ሰዎች ጠጋኞች እንጂ ሠሪዎች አይደሉም ሊሉ ይችላሉ፤ መሠረቱን ያገኙት ከፋብሪካ ነውና። ክርክሩ ፍጹም ከንቱ አይደለም፤ የተላለፉ ረጃጅም ክንዶች አሳብ የፎርድ ነው። ይሁን እንጂ የጎማው አቅጣጫ፥ የክንዱ ቅርጽ፥ የሚሸከመው ኃይልና የሚሰበርበት ሥፍራ ሁሉ በበያጁ ጠረጴዛ ላይ ከተወሰነ፥ ሠሪ የሚለውን ስም ለሌላ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየንም። ክንዱ ቢሰበር የሚጠየቀውም እርሱ ነው።

ፎርድ በ1980 አሳቡን ለአራት ጎማ ተነጂ መኪናዎቹም አዋለው። በኋላ ግን በ1997 ሞዴል ከኤፍ-150፥ በ1998 ሞዴል ከሬንጀር አነሣው፤ በምትኩም ከላይና ከታች አጫጭር ክንዶች ገጠመ። የበረሓ መኪና የሚሠሩ ቤቶች በበኩላቸው ክንዱን ከመቁረጥ አልፈው፥ ከላሜራ ቆርጠውና በይደው ሙሉውን ይሠሩት ጀመር፤ ሲሠሩትም የግራውን መታጠፊያ በቀኝ፥ የቀኙን በግራ አድርገው ነው።