ከድንጋይ ካብ እስከ ብሎኬት፤ የአፈር ደጋፊ ግንብ አጭር ታሪክ

በተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር መስማማት ይኖርበታል። መሬቱን ቆርጦ ደልዳላ ግቢ በሚያወጣበት ጊዜ፣ ከበላይ የቀረውን አፈር ይዞ የሚያቆም ግንብ ያስፈልገዋል። በዛሬው ዘመን ይህ ግንብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከብሎኬት፣ ከፌሮና ከአርማታ ነው። ዕቃዎቹ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ሥራውም ለግንበኛ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ክረምት በገባ ቁጥር ከሚዘሙትና ከሚናዱት ግንቦች መካከል የዕቃ ጉድለት ሳይኖርባቸው የወደቁት ጥቂት አይደሉም። የውድቀታቸውን ምክንያት ለመረዳት የግንቡን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካብ ጥበብ

ለኢትዮጵያዊ ባለሙያ የዚህ ታሪክ መነሻ ሩቅ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ በ21 ትውልድ ውስጥ፣ ይኸውም ከ400 ዓመታት በላይ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ ተራራውን እርከን አልብሶታል። ሥራው በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከኑ አፈሩን ከመታጠብ ያድናል፤ ዝናቡን በማሳው ላይ ያቆያል፤ የተረፈውን ውሃ ደግሞ ያሳልፋል። በደረቅ ካብ ውስጥ በድንጋዮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ሁሉ የውሃ መውጫ ነውና፣ ካቡ አፈሩን እንጂ ውሃውን ለመሸከም አይገደድም። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በኋላ ትልቅ ቁም ነገር ሆኖ ይገኛል።

ከልምድ ወደ ስሌት

በአውሮፓ የደጋፊ ግንብ ጥናት የተጀመረው ከምሽግ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። የፈረንሳዩ ማርሻል ቮባን (1633–1707) ለምሽግ ግንቦች የመጠን ደንብ አወጣ። የግንቡ ከፍታ ከታወቀ ውፍረቱም ከደንቡ ይገኛል፤ ፊቱ ከከፍታው አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ በጀርባውም ድጋፎች ይቆሙለታል። ደንቡ በሥራ የተፈተነ ነበር። ሆኖም ያ ውፍረት ለምን እንደሚበቃ የሚያስረዳ አልነበረም፤ ምክንያቱ ልምድ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን የፈለገው ሻርል ኦገስተን ኩሎም ነው። ይህ ወጣት የጦር መሐንዲስ በ1764 ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተልኮ እስከ 1772 ድረስ በምሽግ ግንባታ ላይ ቆየ። በተመለሰ በዓመቱ፣ በ36 ዓመት ዕድሜው፣ ጽሑፉን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ ጽሑፉም በ1776 ታተመ። ኩሎም ከግንቡ ጀርባ አንድ የአፈር ሽብልቅ በተዳፋት ገጽ ላይ ሊንሸራተት እንደሚዘጋጅ አሰበ። ሽብልቁን የሚይዙት የአፈሩ ሰበቃና እርስ በርሱ የመጣበቅ ኃይል ናቸው። ሊንሸራተትባቸው ከሚችሉት ገጾች ሁሉ ግንቡን አብዝቶ የሚገፋውን መርጦ ለእርሱ መገንባት እንደሚገባ አሳየ። በ1857 ደግሞ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ራንኪን ልል አፈር የሚያደርገውን ግፊት በአጭር ቀመር አስቀመጠው።

ከዚህ ጥናት አንድ ተግባራዊ ትምህርት ይገኛል። የግንቡ ከፍታ እጥፍ ሲሆን የአፈሩ ግፊት አራት እጥፍ፣ ግንቡን የሚገለብጠው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ሜትር ግንብ ያለው ባለቤት «አንድ ሜትር ብንጨምርበትስ?» ሲል የሚጠይቀው ሌላ ግንብ ነው።

ቀጭኑ ግንብ

ቀጥሎ የተለወጠው ዕቃው ነው። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ዦዜፍ ሞኒዬ በ1867 በብረት የተጠናከረ የሲሚንቶ የአትክልት ገንዳ የፈጠራ መብት አገኘ። ፍራንሷ ኤነቢክ በ1892 የአርማታ ግንባታ ዘዴውን አስመዘገበ። በአሜሪካ ሃርመን ፓልመር በ1900 ቀዳዳ ብሎኬት ለሚያመርት ማሽን መብት ተሰጠው።

ብረትና ኮንክሪት ሲጣመሩ ግንቡ በክብደቱ ብቻ መቆሙ ቀረ። መሠረቱ ከአፈሩ ሥር ወደ ኋላ ሲዘረጋ በላዩ ያረፈው አፈር ራሱ ግንቡን ተጭኖ ይይዘዋል። በብሎኬት ግንብም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ከመሠረቱ የተነሣው ቋሚ ፌሮ በብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ቀዳዳውም በኮንክሪት ይሞላል። አፈሩ ሲገፋ የሚለጠጠው የግንቡ የአፈር ወገን ስለሆነ የፌሮው ቦታ ወደዚያው ወገን መቅረብ አለበት። ፌሮው በተቃራኒው ወገን ቢቀመጥ ወይም ቀዳዳው ባዶ ቢቀር ብሎኬቱ የእንቧይ ካብ ከመሆን አያልፍም።

የተዘነጋው ውሃ

ካርል ቴርዛጊ በኢስታንቡል ሲያስተምር ለዓመታት ባደረገው ምርምር ላይ ተመሥርቶ በ1925 በቪየና ያሳተመው መጽሐፍ የአፈር ሜካኒክስን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገው። በአፈር ውስጥ ያለ ውሃ የራሱን ግፊት እንደሚሸከምና የአፈሩ ቅንጣቶች የሚይዙት ቀሪውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ።

የዚህን ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሜትር ኩቡ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝንና የሰበቃ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ የሆነ ደረቅ አፈር፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለውን ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 1,200 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋዋል። ውሃ ከጀርባው እስከ አናቱ ቢጠራቀም ግን የውሃው ግፊት ብቻ 2,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። አፈሩ በውሃ ውስጥ ክብደቱ ቢቀንስም ድምሩ ከ2,600 ያልፋል፤ ከደረቁ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ለበጋ የታሰበ ግንብ በሐምሌ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ደረቁ ካብ በተፈጥሮው የነበረውን የውሃ መውጫ፣ በሲሚንቶ የታሸገው ብሎኬት አሳጥቶታል። ዕቃው የወሰደውን ዕቅዱ መመለስ አለበት። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ይሞላል፤ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተዘርግቶ ውሃው ወደሚወርድበት ይመራል፤ በፊቱ የማስወጫ ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍም ግንቡ ሳይደርስ በቦይ ይጠለፋል። ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው ጥቁር መረሬ አፈር ለጀርባ ሙሌት አይውልም።

የመኖሪያ ቤት ግንብ ትንሽ ነው ተብሎ ወደ መሐንዲስ ሳይቀርብ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ሲወድቅ ግን የሚወድቀው በጎረቤት ግቢ፣ በሕፃናት መጫወቻና በመንገደኛ ላይ ነው። ስለሆነም የሙያው ባልደረባ ምክር ሲጠየቅ የፌሮውን ቁጥር ብቻ ነግሮ ባይሰናበት መልካም ነው። የፌሮው ቦታና የውሃው መንገድ በንድፉ ላይ ተሥለው፣ አፈሩ ተመልሶ ከመሞላቱ በፊትም በዓይን ታይተው ሊረጋገጡ ይገባል።