የዓሣ ሥነ ሕይወት፦ የአካል አሠራር፣ ምደባና መራባት

በሸገር ከተማ ክልል፣ በዓለም ገና አጠገብ በሰበታ የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል የዓሣ ጫጩቶችን በማራባትና በዘርፉ ምርምር በማካሄድ ይታወቃል። የዓሣ ሀብት ልማት ውጤታማ የሚሆነው የእንስሳውን ተፈጥሮ መሠረት ሲያደርግ በመሆኑ የዘርፉ አመራሮችና ባለሙያዎች መሠረታዊ እውቀቱ ሊኖራቸው ይገባል።

የአካል አሠራር

ዓሣ በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ በስንጥብ የሚተነፍስና በክንፎቹ የሚዋኝ ባለ አከርካሪ እንስሳ ነው። በአፉ የሚያስገባው ውሃ በስንጥቡ ላይ ሲያልፍ በውሃው የሟሟው ኦክሲጅን ወደ ደሙ ይገባል። ልቡ ሁለት ክፍሎች ብቻ አሉት። በአብዛኞቹ ዓሦች ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው የአየር ከረጢት ዓሣው ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ በሚፈልገው ጥልቀት እንዲቆይ ይረዳዋል። በጎኑ የተዘረጋው መስመር ደግሞ የውሃን እንቅስቃሴ እንዲያውቅ ያደርገዋል። የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ እድገቱም ሆነ መራባቱ በአካባቢው የአየር ጠባይ ይወሰናል።

ምደባ

በዓለም ላይ ከ35 ሺህ በላይ የዓሣ ዝርያዎች የሚታወቁ ሲሆን፣ በሦስት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። እነርሱም መንጋጋ የሌላቸው፣ እንደ ሻርክ ያሉ ልም አጥንት ያላቸውና ደረቅ አጥንት ያላቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ሐይቆችና ወንዞች የሚገኙት ዓሦች ከሦስተኛው ክፍል ናቸው። ከእነዚህም ቆሮሶ፣ አምባዛና ባርበስ በስፋት ይመረታሉ። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ በአፉ ዙሪያ ጢም ያለውና ከስንጥቡ በላይ ባለው ተጨማሪ አካል አየር መተንፈስ የሚችል በመሆኑ ኦክሲጅን ባነሰበት ውሃ ይቋቋማል።

መራባት

አብዛኞቹ ዓሦች የሚራቡት ሴቷ የጣለችው እንቁላል ከአካሏ ውጭ በወንዱ ዘር ሲዳብር ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው እንደየዝርያው ይለያያል። የቆሮሶ ሴት የዳበረውን እንቁላል በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያጋጥማቸው ወደ አፏ ይመለሳሉ። ቆሮሶ ገና በትንሽነቱ ስለሚራባ በኩሬ ውስጥ ቁጥሩ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ በምግብ እጥረት የተነሳም እድገቱ ይቀጭጫል። አርቢዎች ይህንን ለመከላከል ወንዶቹን ብቻ ለይተው ያረባሉ፣ ወይም ትናንሾቹን የሚበላ አምባዛ ይጨምራሉ።

አምባዛ በአንጻሩ በርካታ እንቁላሎችን ጥሎ ይሄዳል፤ እንክብካቤም አያደርግም። በኩሬ ውስጥ በራሱ ጊዜ ለመራባት ስለሚያዳግተው በሆርሞን መርፌ እገዛ እንዲራባ ይደረጋል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃዋ ቀዝቃዛ ነው። ቆሮሶ ደግሞ የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ መራባቱን ያቆማል። በመሆኑም ለደጋ አካባቢ የሚመረጠው ዝርያና የኩሬ አያያዝ ከቆላው የተለየ መሆን አለበት።

የመራቢያ ወቅት ጥበቃ

በጣና ሐይቅ የሚገኙ በርካታ የባርበስ ዝርያዎች በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነዚህ የተወሰኑት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላሉ የሚያድገው ንጹህና ኦክሲጅን የበዛበት ውሃ በሚፈስበት ጠጠራማ ሥፍራ ነው። ዓሦቹ በወንዞቹ መግቢያ በብዛት ሲሰበሰቡ በመረብ በቀላሉ ይያዛሉ። ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደ ጥናት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ተረጋግጧል።

እንቁላል ያዘለች ዓሣ ከመራባቷ በፊት ስትጠመድ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ሳይሆን የሚቀጥለው ትውልድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሀብቱን ለመጠበቅና በዘላቂነት ለመጠቀም የሕግ መሠረት ጥሏል። አፈጻጸሙ ውጤት የሚያስገኘው የየአካባቢው አስተዳደር የመራቢያ ወቅትና ሥፍራን ለይቶ ሲያስጠብቅ፣ የመረብ ዓይን ስፋትን ሲቆጣጠርና ከወንዞች የሚካሄደውን የአሸዋና የጠጠር ማውጣት ሥራ ከዓሦቹ የመራባት ጊዜ ጋር ሲያጣጥም ነው።