ስም፣ መዝገብና ጉዞ፦ የሶማሊያ ባንቱዎች ከዳዳብ ወደ ካኩማ መዛወር

እ.ኤ.አ. በ2002 አጋማሽ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ወደ 12,000 የሚጠጉ ስደተኞችን በምሥራቅ ኬንያ ከሚገኙት የዳዳብ መጠለያ ጣቢያዎች አንሥቶ፣ በሰሜን ምዕራብ በቱርካና ምድር ወዳለው የካኩማ ጣቢያ አዛወረ። የአውቶቡሱ ጉዞ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይሁንና ተጓዦቹ ከኬንያ አልወጡም፤ የተሻገሩት ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ነው። ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ የዩናይትድ ስቴትስ የኢሚግሬሽን መኮንኖች ለሶማሊያ ድንበር ቅርብ በሆነው በዳዳብ ተቀምጠው ቃለ መጠይቅ ማድረጉ አስጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ጠያቂዎቹ ወደ ተጠያቂዎቹ ከሚሄዱ ተጠያቂዎቹ ወደ ጠያቂዎቹ እንዲሄዱ ተወሰነ። በዳዳብ ዝርፊያና የሴቶች መደፈር የዕለት ተዕለት ስጋት ለነበረባቸው ለስደተኞቹም ጉዞው እፎይታ ነበር። ለቋንቋ አጥኚ ግን ከርቀቱ ይልቅ የሚያመራምረው፣ በዚያ አውቶቡስ ለመሳፈር መብት የሰጠው ስያሜ ነው።

ስያሜው «የሶማሊያ ባንቱ» ይባላል። ከ1991 በፊት በታችኛውና በመካከለኛው የጁባ ሸለቆ የሚኖሩት ገበሬዎች ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም ነበር። ሌሎች ሶማሌዎች «ጃሬር» ይሏቸዋል፤ ጠጉረ ከርዳዳ ማለት ነው፤ ተቃራኒው «ጅሌዕ»፣ ለስላሳው፣ ለራሳቸው የተቀመጠ ነው። «ዋጎሻ» የሚለው ሌላ መጠሪያ ለብቻው ጥናት የሚገባው ነው፦ «ጎሻ» የሶማሌ ምድር ቃል ሆኖ ጥቅጥቅ ያለውን የወንዝ ዳር ጫካ ሲያመለክት፣ የብዙ ቁጥር መነሻው «ዋ-» ደግሞ ከባንቱ የስም ምድብ የመጣ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት የቋንቋ ቤተሰቦች ተጋብተዋል። «ሐበሽ» የሚልም አለ፤ ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ የሆነ አጠራር ነው፤ ከሸለቆው ሰዎች የአንዳንዶቹ ቅድመ አያቶች በባርነት የተወሰዱ ኦሮሞዎች እንደነበሩ ግን መዘንጋት አይገባም። «ባንቱ» የሚለውን ወደ መጠለያዎቹ ያስገቡት የእርዳታ ድርጅቶችና ጋዜጠኞች ናቸው። ቃሉን ለቋንቋ ቤተሰብ መጠሪያነት ያዋለው ደግሞ ቪልሄልም ብሌክ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነበር። በባንቱ ቋንቋዎች ውስጥ እንኳ የጁባው ዚጉላ ተናጋሪ ሰዎችን በ«ዋ-» እንጂ በ«ባ-» አያበዛም። ለቤተ መጻሕፍት የተበጀ የምድብ ስም የሕዝብ መታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

የቋንቋው ሁኔታ ከስያሜው ጋር አይገጥምም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክና ማላዊ አካባቢ ተይዘው ወይም በረኃብ ዘመን ተታልለው በመርከብ ወደ ቤናዲር ጠረፍ የተወሰዱት ሰዎች ዚጉዋ፣ ያኦ፣ ማኩዋ፣ ኒያሳ፣ ዛራሞ፣ ንጊንዶ ነበሩ። በሸበሌ ዳርቻ በእርሻ ባርነት ከቆዩ በኋላ ብዙዎቹ አምልጠው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በገናሌና በዳዋ ስም ወርዶ ዶሎ ላይ ጁባ የሚሆነውን ወንዝ ተከትለው ሰፈሩ። የዚጉላዎቹ ቃላዊ ታሪክ ዋናንኩቻ የተባለች ሴት መርታ እንዳወጣቻቸው ይናገራል። ቋንቋቸውን፣ ቺዚጉላን፣ ያቆዩት በተለይ እነዚህ የታችኛው ጁባ ሰፋሪዎች ናቸው። ዘግይተው ወደ መካከለኛው ሸለቆ የገቡት በሶማሌ ጎሳዎች ጥላ ሥር ተጠግተው የአባቶቻቸውን ልሳን ተዉ፤ የሚናገሩትም ማይ ሆነ። ማይ ኩሻዊ ነው፤ ይሁን እንጂ በ1972 በላቲን ፊደል ከተጻፈው መደበኛ ሶማልኛ ጋር በቀላሉ አያግባባም። አማርኛ ከግዕዝ የወረሳቸውን የ«ዐ» እና የ«ሐ» ጥንተ ድምፆች እንዳጣ ሁሉ፣ ማይም ሶማልኛ የጠበቃቸውን እነዚያኑ የጉሮሮ ድምፆች የሉትም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1991 ሲቀጣጠል እነዚህ ገበሬዎች ጎተራ የነበራቸው፣ የጎሳ ጦር ግን ያልነበራቸው ሆነው ተገኙ። ታጣቂ በተፈራረቀ ቁጥር ይዘረፋሉ፤ የቻለ ወደ ኬንያ ሸሸ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ1990ዎቹ መዛግብቱ «ሙሹንጉሊ» ሲላቸው ቆየ። ብዙ አጥኚዎች ይህን ቃል «ምዚጉላ» ከሚለው፣ ማለትም አንድን የዚጉላ ሰው ከሚያመለክተው፣ ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ የጥቂቶቹ ቋንቋ መጠሪያ፣ አብዛኞቹ ማይ ለሚናገሩት ሕዝብ ሁሉ ተሰጠ። የመጀመሪያው የመፍትሔ ሐሳብም ከዚህ ስም የተቀዳ ነው፦ ወደ አባቶቻቸው አገር ይመለሱ። ታንዛኒያ ከሩዋንዳ በጎረፉ ስደተኞች ተጨናንቃ ሳትቀበል ቀረች። ከዚያ በሞዛምቢክ ተስፋ ተደርጎ በ1997 በዳዳብ ዝርዝር ተዘጋጀ፤ ከራሷ ረጅም ጦርነት ገና በማገገም ላይ የነበረችው ሞዛምቢክ ግን በመጨረሻ ፈቃዷን አነሣች። በ1999 ዩናይትድ ስቴትስ በቡድን ልትቀበላቸው ስትወስን መነሻ የሆነው ያው የ1997 ዝርዝር ነበር።

እዚህ ላይ ስያሜው ዋጋ አወጣ። በ2001 መጨረሻና በ2002 መጀመሪያ ዝርዝሩ እንደገና ሲጣራ፣ ቀድሞ «ጃሬር» መባልን እንደ ስድብ ይቆጥሩ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ባንቱ ነን ብለው ተሰለፉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተመለሱ። ችግሩ አጭበርባሪን መለየት ብቻ አልነበረም። ባንቱነት በቋንቋ ይለካ ቢባል አብዛኛው ሕጋዊ ተመዝጋቢ ይወድቃል፤ በዘር ሐረግ ቢባል በሶማሌ ጎሳ ውስጥ ተጠግቶ የኖረው ይወድቃል፤ በመልክ ቢባል መለኪያው ያሳፍራል። የቤተሰብ ቃላትም በቅጹ ውስጥ ጠበቡ። ከአንድ በላይ ሚስት ያለው አባወራ የአሜሪካ ሕግ አንዷን ብቻ ስለሚያውቅለት፣ ሌሎቹ ሚስቶች በየራሳቸው ፋይል ተመዘገቡ።

በካኩማ፣ ከ1992 ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ወጣቶችና ከዋልዳ የመጡ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩበት ደረቅ ምድር፣ ቃለ መጠይቁ ተካሄደ፤ የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች በግንቦት 2003 አሜሪካ ገቡ። ተቀባይ ከተሞች የተዘጋጁት ለ«ሶማሌ» ነበር። በሆስፒታልና በትምህርት ቤት የተመደበው አስተርጓሚ መደበኛ ሶማልኛ ሲናገር የማይ ተናጋሪዋ እናት ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም አንዳንድ ጊዜ እንደ መስማማት ይቆጠራል። ማይ በአሜሪካ የአስተርጓሚ አገልግሎት ዝርዝሮች ውስጥ ራሱን የቻለ ቋንቋ ሆኖ ቦታ ያገኘው በዋናነት በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው። በሶማሊያ ትምህርት ቤት ያላገኘውን ዕውቅና በስደት በክሊኒክ ቅጽ ላይ አገኘ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጁባ ሸለቆ የኖረችው አንትሮፖሎጂስት ካትሪን ቤስተማን የቀድሞ ጎረቤቶቿን ዳግም ያገኘቻቸው በሜን ግዛት በሉዊስተን ከተማ ነው።

ከዳዳቡ ዝርዝር ውጭ፣ በራሳቸው መንገድ ወደ ታንዛኒያ የዘለቁም ነበሩ። እነዚህ በብዛት ቺዚጉላ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ በ2003 በታንጋ ክልል በሃንዴኒ ወረዳ ወደሚገኘው የቾጎ ሰፈራ ተዛወሩ። ቅድመ አያቶቻቸው ከተወሰዱበት ምድር ላይ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተለይቶ የቆየው ቺዚጉላ ከአካባቢው ዚጉዋ ጋር ያለ አስተርጓሚ ተግባባ። መንግሥትም ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዜግነት በር ከፈተላቸው። በዳዳብ የቀሩት የማይ ተናጋሪ ዘመዶቻቸው ግን አባቶቻቸው ከዚያው ጠረፍ ቢመጡም በዚያ ገበያ የሚያግባባቸው ቋንቋ አልነበራቸውም።