ፈረሱ ከማን በረት ወጣ? የሞንጎል ግዛትና የመልእክት ቅብብሉ

በ1246 የትንሣኤ ዕለት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆቫኒ ዳ ፒያን ዴል ካርፒኔ የተባለ፣ ዕድሜው ስልሳን የተሻገረ የፍራንቸስኮስ ማኅበር መነኩሴ፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ከነበረው የሞንጎሉ መስፍን የባቱ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ መጋለብ ጀመረ። ከሮማው ጳጳስ ከኢኖሰንት 4ኛ ለሞንጎሎቹ ገዥ የተጻፈ ደብዳቤ ይዟል። እሱና ጓደኛው፣ ፖላንዳዊው ቤኔዲክት፣ ግልቢያውን እንዲችሉት ሰውነታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አስረዋል። ዐቢይ ጾምን ያሳለፉት በውሃና በጨው በተቀቀለ ጥራጥሬ ነበር፤ የሚጠጡትም የቀለጠ በረዶ ነበር። ስለዚህ ኮርቻ ላይ መቀመጥ እንኳ ጭንቅ ሆነባቸው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው እስከ ምሽት ይጋልባሉ፤ እህል ሳይቀምሱ የሚያድሩበት ቀንም አለ። ሰዎቹ ቢዝሉም ፈረሱ አይዝልም፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሰባት ጊዜ ይቀየራልና። እንዲህ እያሉ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በሦስት ወር ተኩል ጨርሰው የሞንጎሎቹ መዲና ካራኮሩም አጠገብ ደረሱ፤ የአዲሱን ካን የጉዩክንም ሥርዓተ ንግሥ በዓይናቸው አዩ።

ካርፒኔ ስለ ጉዞው መከራ በሰፊው ጽፏል። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ ፈረስ ከማን በረት ወጣ? ቋንቋቸውን ለማያውቅ የባዕድ አገር መነኩሴ በየደረሰበት ትኩስ ፈረስ ተጭኖ እንዲጠብቀው ያዘዘው ማን ነው? ያቀረበውስ? ስለ ሞንጎሎች የሚተርኩ መጻሕፍት አብዛኛውን ገጻቸውን ለቀስተኛውና ለከበባው ይሰጣሉ። ይሁንና ከተማ ማቃጠል አገር ማስተዳደር አይደለም። ከኮሪያ እስከ ሩሲያ የተዘረጋውን ምድር አንድ ግዛት ያደረገው፣ ኋላም አንድነቱን ያላላው፣ ፈረስ የመቀየር መብት ለማን እንደተሰጠና ፈረስ የማቅረብ ግዴታ በማን ላይ እንደወደቀ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልእክትን በፈረስ መቀባበል የሞንጎሎች ፈጠራ አይደለም። የጥንት ፋርስ ነገሥታት ነበራቸው፤ የአባሲድ ኸሊፋዎች ነበራቸው፤ በቻይናም ከሞንጎሎች በፊት የነገሡ ሥርወ መንግሥታት የመንገድ ጣቢያ ያቆሙ ነበር። የሞንጎሎቹን የተለየ የሚያደርገው ስፋቱና የገዥዎቹ አኗኗር ነው። ካኑ ከወቅት ወቅት ከነሰፈሩ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ነበር። ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሕዝብና ሠራዊት ይዘው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተራርቀው ሰፍረዋል። እነዚህን ሰዎች በአንድ ትእዛዝ ለማሳደር መልእክቱ ከገዥው ፈጥኖ መሄድ ነበረበት።

በጄንጊስ ካን ዘመንም መልእክተኞች ይላኩ ነበር፤ ግን ያገኙትን መንደር ፈረስና ስንቅ እየጠየቁ፣ ከመንገድ እየወጡና እየዘገዩ ነበር። ልጁ ኦጎዴይ በ1234 እና 1235 ገደማ ይህን አስቀርቶ «ያም» በተባለው ሥርዓት ቋሚ ጣቢያዎችን ዘረጋ። «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» የተባለው ድርሳን እንደሚለው፣ ለየጣቢያው ሃያ የፈረስ ሰዎች ተመደቡ፤ ለመልእክተኛው የሚታረድ በግ፣ የሚታለቡ ባዝራዎች፣ ጋሪና በሬም ተቆረጠ። አንዲት ገመድ ወይም አንድ የመንኮራኩር ዘንግ ጎድሎ ቢገኝ ተጠያቂው ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። ወንድሙ ቻጋታይ ከራሱ ግዛት ተነሥቶ ከኦጎዴይ መስመር ጋር ሊያገናኝ፣ የወንድማቸው ልጅ ባቱም ከምዕራብ ከቻጋታይ ጋር ሊያገናኝ ተስማሙ። ኦጎዴይ ስለ ዘመኑ ሲናገር ጣቢያዎቹን ከአራቱ መልካም ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሯቸዋል፤ የቆጠራቸውም ሰሜን ቻይናን ይገዛ የነበረውን የጂን መንግሥት ከማንበርከኩ እኩል ነው።

አንድ መልእክተኛ ጣቢያ ሲደርስ የሚያሳየው «ፓይዛ» የተባለውን ሰሌዳ ነው። ከእንጨት፣ ከብረት፣ ከብር ወይም ከወርቅ የሚሠራው ይህ ሰሌዳ አንገት ላይ ወይም ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል፤ ማዕረጉም በማዕድኑና በተቀረጸበት ምስል ይለያል። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በቻይና ከነገሠው ከጄንጊስ የልጅ ልጅ ከኩብላይ ካን ዘመን ወዲህ የተሠራ አንድ ፓይዛ አለ፤ ክብ ብረት ሆኖ ጽሑፉ በብር የተለበጠ ነው። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ የሚጻፈው ቃል አጭርና አስፈሪ ነው፦ በዘለዓለማዊው ሰማይ ኃይል የካኑ ስም ይከበር፣ ያላከበረ ይሞታል የሚል። የጣቢያው አዛዥ ማንበብ ባይችል እንኳ ብረቱን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ማርኮ ፖሎ በኩብላይ አገር ያየውን ሲተርክ፣ አስቸኳይ መልእክት የያዘው ጋላቢ ወገቡንና ራሱን አጥብቆ አስሮ እንደሚጋልብ ይነግረናል። ጣቢያዎቹ በ25 ማይል ገደማ ይራራቃሉ። በመካከላቸው ደግሞ በየሦስት ማይሉ እግረኛ ሯጮች ይኖራሉ፤ ቀበቷቸው ላይ ቃጭል ስላለ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ ተረኛው ወገቡን ታጥቆ ይጠብቃል። የፖሎ አኃዝ ግን ይገርማል፦ 10,000 ጣቢያና ከ200,000 በላይ ፈረስ። በቻይና የቆዩት የመንግሥት መዛግብት የሚያሳዩት ወደ 1,400 ጣቢያና ወደ 50,000 ፈረስ ነው፤ በዚያ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ በሬዎች፣ በቅሎዎች፣ ጋሪዎችና ጀልባዎች፣ በሰሜን ምሥራቅ በረዷማ አገርም መንሸራተቻ የሚጎትቱ ውሾች አሉ። ማጋነኑ ግልጽ ቢሆንም እውነተኛው ቁጥር ራሱ ብዙ ነው።

ብዛቱን ያመጣው ደግሞ ቆጠራ ነው። ሞንጎሎች አገር ሲይዙ ሕዝቡን ይቆጥራሉ፤ የቆጠሩትን በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህና በአሥር ሺህ ይከፍላሉ፤ ከዚያ ግብር፣ ወታደርና የጣቢያ ግዴታ ይመድባሉ። ፋርሳዊው ታሪክ ጸሐፊና ሹም ጁቫይኒ እንደጻፈው፣ ሁለት ቱመን፣ ማለትም በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሁለት የሕዝብ ክፍሎች፣ አንድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ይገደዱ ነበር። ጣቢያው በየዓመቱ ይመረመራል፤ የጎደለውን የሚተካው ገባሩ ነው። በቻይና ይህ ግዴታ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሆነ፤ «የጣቢያ ቤተሰብ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው ልጁም የልጅ ልጁም ፈረስ እያቀረበ ይኖራል። ጎተራው የተራቆተበት ቀዬውን ጥሎ ይሰደዳል፤ ልጁን እስከመሸጥ የደረሰም ነበር። በሩሲያ ኖቭጎሮድ በ1250ዎቹ መጨረሻ ቆጣሪዎቹ ሲመጡ ሕዝቡ ያመፀው ቆጠራው ምን እንደሚያስከትል ስላወቀ ነው። በ1267 ካን መንጉ ቲሙር ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ካህናት በሰጠው የነፃነት ደብዳቤ ከተነሡላቸው ግዴታዎች አንዱ ይኸው የጣቢያ ግዴታ ነበር። ካህኑ ነፃ ሲወጣ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ገበሬ እንደሚዞር መገመት አያዳግትም።

ሥርዓቱ የተበላሸው ከላይ ነው። መሳፍንቱ ለዘመዶቻቸው፣ ለአዳኞቻቸው፣ ገንዘባቸውን ለሚነግዱላቸው ነጋዴዎች ሳይቀር ፓይዛ ይሰጡ ነበር። ነጋዴው ሐርና ዕንቁ ጭኖ በመንግሥት ፈረስ ይሄዳል፤ ድሃው ያበላዋል። የኦጎዴይ አማካሪ የሉ ቹሳይ ይህን አይቶ ፓይዛው በሥርዓት እንዲሰጥ፣ የመልእክተኞችም ቀለብ እንዲወሰን አስወስኗል። ሞንኬ በ1251 ሲነግሥ ከጄንጊስ ካን ዘመን ጀምሮ የተሰጡ ሰሌዳዎችና የመብት ደብዳቤዎች እንዲመለሱ፣ ነጋዴዎችም በጣቢያ ፈረስ እንዳይጠቀሙ አዘዘ። ትእዛዙ ግን ብዙም አልዘለቀም።

በፋርስ ምድር የሆነውን የጻፈልን የጋዛን ካን ጠቅላይ ሚኒስትር ራሺድ አድ-ዲን ነው፤ ጽሑፉንም ሳነብ ልቤ ይነካል። ከማንም የተላከ ሁሉ «መልእክተኛ ነኝ» ብሎ ከነአጃቢው መንገዱን ሞላው። የጣቢያው ፈረስ ሲያልቅ የገበሬውን፣ የመንገደኛውንና የነጋዴውን ከብት ይቀማ ጀመር። ሁለት መልእክተኞች ሲገናኙ ብርቱው የደካማውን ፈረስ ይወስዳል። ሽፍቶችም ሁኔታውን አይተው መልእክተኛ መስለው ዘረፉ። በከተማ እንግዳ የሚጫንበት ሰው ቤቱን ማደስ ተወ፤ መግቢያውን ጠባብና ጨለማ አድርጎ የሚሠራም ነበር። ከ1295 እስከ 1304 የገዛው ጋዛን መፍትሔውን ከሥሩ ጀመረ። በዋና ዋና መንገዶች ላይ በየሦስት ፈርሳኽ ለንጉሡ አስቸኳይ መልእክት ብቻ የሚሆኑ አሥራ አምስት ፈረሶች እንዲቀመጡ አደረገ። አንድ ፈርሳኽ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎች ተሰብስበው አዲሶቹ የተቀባዩን ስም ይዘው ወጡ። የሌላው መልእክተኛ ወጪም ከግምጃ ቤት እንዲሆን ታዘዘ። የንጉሡ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያልያዘ ሰው ፈረስ አያገኝም። ለእኔ ከፍጥነቱ ሁሉ የሚበልጠው ጋዛን ይህን የመብት በር ማጥበቡ ነው፤ ፈረሱን ለመልእክቱ መልሶለታልና።

በዚያ ጊዜ ግን ግዛቱ አንድ አልነበረም። በ1260 ኩብላይና ወንድሙ አሪቅ ቦኬ ለዙፋን ሲዋጉ የተጀመረው የቤተሰብ ጠብ የመካከለኛው እስያን መስመር እየቆራረጠ ከአርባ ዓመት በላይ ዘለቀ። ማርኮ ፖሎ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ልዕልት ኮከጪንን ወደ ፋርስ ሲያጅብ የሄደው በባሕር ነው፤ የየብሱ መንገድ በጦርነት ተዘግቶ ነበር። በ1304 የጄንጊስ ዘሮች ሰላም አወረዱ። በቀጣዩ ዓመት የፋርሱ ካን ኦልጄይቱ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ በሞንጎልኛ የጻፈው ረጅም ጥቅል ደብዳቤ እስካሁን ፓሪስ ውስጥ በመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛል። ኦልጄይቱ እርቁን ሲያበስር ጣቢያዎቻችንን መልሰን አያያዝን ይላል። ከ45 ዓመት ጠብ በኋላ ለሰላም ማስረጃ ያቀረበው የፈረስ ጣቢያ መሆኑን ሳስብ፣ ኦጎዴይ ጣቢያውን ከጂን ድል እኩል የቆጠረበት ምክንያት ይገባኛል።

እርቁ ረጅም ዕድሜ አላገኘም፤ ጣቢያዎቹ ግን ከሞንጎሎች አገዛዝ በኋላም ቆዩ። ሞንጎሎች በ1368 ከቤጂንግ ሲባረሩ የሚንግ መንግሥት የጣቢያዎቹን መስመር አፍርሶ አልጣለም፤ ወርሶ አደራጀው። ሞስኮም የራሷን የጣቢያ አስተዳደር መሥርታ ለመቶዎች ዓመታት በፈረስ አስኬደችው። በቻይና ሸክሙ እንደ ድሮው በጣቢያው ሠራተኛና በአካባቢው ገበሬ ላይ ቀረ። በ1629 ቤተ መንግሥቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ብዙ ጣቢያዎችን ዘጋ፤ በድርቅ በተመታው ሰሜን ምዕራብ ሠራተኞቹ ያለ እንጀራ ወጡ። ከተሰናበቱት አንዱ የሻአንሺ አውራጃው ሊ ዚቼንግ ነበር። ሽፍቶችን ተቀላቀለ፤ ረሃብተኛው እየተከተለው ሠራዊት ሆነ። በ1644 ቤጂንግ ሲገባ የመጨረሻው የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ራሱን ሰቀለ።