የመግቻ ልክ፦ የስፒከር ሽቦ ውፍረት በድምፅ ላይ ያለው ድርሻ

«የመግቻ ልክ» በድምፅ ምሕንድስና «ዳምፒንግ ፋክተር» ለሚባለው መለኪያ እዚህ የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። ልኩ የሚገኘው የስፒከሩ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ስፒከሩ ለተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ለማጉያው (አምፕሊፋየሩ) የውስጥ ተቃውሞ ሲካፈል ሲሆን፣ ስፒከሩ 8 ኦም፣ የማጉያው ተቃውሞ ደግሞ 0.04 ኦም ቢሆን ውጤቱ 200 ይሆናል።

ስያሜው የተወሰደው ከሥራው ነው። የከበሮ ምት በስፒከር ሲሰማ ድምፁን የሚፈጥረው ወረቀት ምቱ ካበቃም በኋላ ለቅጽበት መርገብገቡን ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ጋር በማግኔቱ መካከል የሚንቀሳቀሰው የሽቦ ጥቅል ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፣ ይህ ኤሌክትሪክ በሽቦውና በማጉያው ዞሮ ሲመለስ እንቅስቃሴውን ይገታዋል። በዙሪቱ ያለው ተቃውሞ ባነሰ ቁጥር መግቻው ይበረታል፤ ቀጭን ሽቦ የከበሮውንና የበገናውን ወፍራም ድምፅ ያላላል የሚለው እምነትም መነሻው ይኸው ነው።

እምነቱ በስሌት ሲፈተን ግን ሌላ መልክ ይይዛል። በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ባለ ቤት ውስጥ ማጉያውና ስፒከሩ በ5 ሜትር ቢራራቁ፣ ፍሰቱ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ የሚታሰበው 10 ሜትር መዳብ ነው፤ ይህም በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 0.115 ኦም ገደማ ይሆናል። የሽቦው ተቃውሞ በማጉያው ተቃውሞ ላይ ሲደመር 200 የነበረው የመግቻ ልክ ወደ 52 ያሽቆለቁላል። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም፣ በባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ኦም ያህል የሚሆነው የጥቅሉ የራሱ ተቃውሞ በዚያው ዙሪት ውስጥ ስላለ፣ ጠቅላላው ተቃውሞ የሚጨምረው በ2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የድምፁ መጠንም የሚቀንሰው በ0.12 ዴሲቤል ገደማ በመሆኑ ጆሮ ልዩነቱን አይለየውም። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ለውድ ሽቦ የሚወጣው ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል።

ርቀቱ ሲጨምር ውፍረት ትርጉም ያገኛል። በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐቤቴ ባለ ሰፊ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ማጉያው ካለበት ክፍል እስከ ቀንድ ቅርጽ ያለው ስፒከር (ቀንድ) 60 ሜትር ቢሆን፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 2.75 ኦም ስለሚጨምር፣ ባለ 8 ኦም ቀንድ ያለ ሽቦው ብክነት ሊያገኝ ከሚችለው ኃይል 55 በመቶ ያህሉን ብቻ ያገኛል፤ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን 82 በመቶው ይደርሰዋል። ከዚህ የሚሻለው መንገድ ትራንስፎርመር ያላቸውን ቀንዶች ባለ 100 ቮልት መስመር ላይ ማገናኘት ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል ፍሰቱ ስለሚቀንስ፣ ባለ 30 ዋት ቀንድ በዚያው ቀጭን ሽቦ የሚያጣው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይሁንና ይህ ቮልቴጅ ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል መጋጠሚያዎቹ በደንብ መሸፈን አለባቸው።

ለቤት የሚበጀው መመሪያ የሽቦው ተቃውሞ ከስፒከሩ ኢምፒዳንስ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። በዚህ መሠረት ለባለ 8 ኦም ስፒከር 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር እስከ 8 ሜትር፣ 1.5 እስከ 17 ሜትር፣ 2.5 ደግሞ እስከ 29 ሜትር ርቀት ይበቃል፤ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሲሆን ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ልኮቹ የሚሠሩት ለንጹሕ መዳብ ስለሆነ፣ ላዩ ብቻ መዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ የሚገዛ ሰው አንድ ደረጃ የሚወፍረውን ሊመርጥ ይገባል።