የባንግላዴሽ ዴልታ የበጋ እርሻና የከርሰ ምድር ውሃ አጠቃቀም

ባንግላዴሽ የጋንጀስ፣ የብራህማፑትራና የመግና ወንዞች ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ከመግባታቸው በፊት በደለል በሠሩት ሰፊ ዴልታ ላይ የምትገኝ አገር ናት። የቆዳ ስፋቷ 147 ሺህ 570 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከ170 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። አገሪቱ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የምትታወቀው በጎርፍ አደጋ ቢሆንም፣ ከሩዝ ምርቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው ግን በበጋ ወራት በመስኖ ከሚለማ እርሻ ነው። ለዚህ መስኖ የሚውለው ውሃ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው።

ይህ አሠራር አገሪቱ በምግብ ራሷን እንድትችል ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል። ሆኖም የውሃው መጠንና ጥራት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አጠቃቀሙ ጥንቃቄን የሚሻ ሆኗል። በአንዳንድ አካባቢዎች በበጋ የወጣው ውሃ በክረምቱ ዝናብ ሲተካ፣ በሌሎች ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ታች እየራቀ ይገኛል።

የክረምት ትርፍና የበጋ እጥረት

በባንግላዴሽ ከዓመታዊው ዝናብ 80 በመቶ ያህሉ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በዚህ ወቅት ወንዞች ሞልተው ሰፊ መሬት ያጥለቀልቃሉ። በበጋ ግን ዝናቡ እጅግ አነስተኛ ሲሆን የወንዞቹም ፍሰት ይቀንሳል። በተለይ የጋንጀስ የበጋ ፍሰት፣ ሕንድ የፋራካን የውሃ መቀልበሻ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ካስጀመረች ወዲህ የሁለቱ አገሮች ዋነኛ መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል። በጉዳዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ለ30 ዓመታት የሚጸና የውሃ ክፍፍል ስምምነት ተፈርሟል።

የዴልታው መሬት ለጥ ያለ ሜዳ በመሆኑ የክረምቱን ውሃ በግድብ አጠራቅሞ ለበጋ ማቆየት አይቻልም። በአንጻሩ ወንዞቹ ከሂማላያ ተራሮች ለብዙ ሺህ ዓመታት ያመጡት አሸዋና ደለል ከመሬት ገጽ ብዙም ሳይርቅ ውሃ ያዘለ ወፍራም ንጣፍ ሠርቷል። ለዴልታው አርሶ አደር የውሃ ማጠራቀሚያ ሆኖ የሚያገለግለው ይኸው ንጣፍ ነው።

የመስኖው መስፋፋት

ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1971 ነጻነቷን ባገኘችበት ወቅት አብዛኛው አርሶ አደር በክረምት ዝናብ ላይ የተመሠረተ የሩዝ እርሻ ያካሂድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የተከሰተው ረሀብ የምርት ዕድገትን አስፈላጊነት ይበልጥ አጉልቶታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንግሥት ጥልቅ ጉድጓዶችን እያስቆፈረ ለገበሬ ማኅበራት ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአነስተኛ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የነበረው የገቢ ንግድ ገደብ ሲነሳ፣ ዋጋቸው ርካሽ የሆኑ ፓምፖች በብዛት ወደ ገጠር ገቡ። በዚህም ጥልቀት የሌላቸው የግል ጉድጓዶች ቁጥር በፍጥነት አድጎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

ፓምፕ ያለው አርሶ አደር ለራሱ ማሳ ከመጠቀም አልፎ ለጎረቤቶቹ ውሃ ይሸጣል። ክፍያው በገንዘብ ወይም ከምርቱ በሚሰጥ ድርሻ ይፈጸማል። ቦሮ የሚባለው የበጋ ሩዝ በታኅሣሥና በጥር ተተክሎ በሚያዝያና በግንቦት ይሰበሰባል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የአገሪቱ ዓመታዊ የሩዝ ምርት፣ ከተሻሻሉ ዝርያዎችና ከማዳበሪያ ጋር ተዳምሮ ከ36 ሚሊዮን ቶን በላይ ሊደርስ ችሏል።

በፓምፕ የተፈጠረ የውሃ ማከማቻ

ሮጀር ሬቬልና ቪ. ላክሽሚናራያና የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በጋንጀስ ተፋሰስ በበጋ የከርሰ ምድር ውሃ ቢወጣ ለክረምቱ ዝናብ ተጨማሪ ማከማቻ ሊፈጠር እንደሚችል አመልክተው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ገጹ የቀረበ ከሆነ፣ ዝናቡ የሚሰርግበት ቦታ አጥቶ በጎርፍ መልክ ወደ ባሕር ይፈስሳል። በበጋ ውሃው ተስቦ ከወጣ ግን ንጣፉ ውስጥ በሚተርፈው ክፍት ቦታ የዝናቡና የወንዞቹ ውሃ ይገባል።

ይህ ሐሳብ በባንግላዴሽ በተግባር መታየቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት አረጋግጧል። ተመራማሪዎቹ በ465 የመከታተያ ጉድጓዶች የተመዘገበውን የውሃ ከፍታ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት የአርሶ አደሮቹ ፓምፖች ከ75 እስከ 90 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚገመት ተጨማሪ ውሃ ወደ ከርሰ ምድር እንዲሰርግ ማድረጋቸውን ገልጸዋል። መጠኑ የአሜሪካው ሁቨር ግድብ ሐይቅ ከሚይዘው ውሃ በእጥፍ ይበልጣል።

ውሃው የማይተካባቸው አካባቢዎች

ይሁን እንጂ ይኸው ውጤት በመላው ዴልታ አይታይም። በሰሜን ምዕራብ ራጅሻሂን በሚያካትተው የባሪንድ አካባቢ የዝናቡ መጠን ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ያነሰ ነው። በመሬቱ ገጽ ያለው ወፍራም የሸክላ አፈርም የዝናቡን ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። በመሆኑም በበጋ የወጣው ውሃ በክረምት ሙሉ በሙሉ ሳይተካ ይቀራል።

ችግሩ መጀመሪያ የሚደርሰው አቅም በሌላቸው ነዋሪዎች ላይ ነው። ከመሬት በላይ የሚተከል ተራ ፓምፕ ውሃ መሳብ የሚችለው ከ7 እስከ 8 ሜትር ጥልቀት ብቻ በመሆኑ፣ ውሃው ከዚያ ሲርቅ አርሶ አደሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፑን ዝቅ ለማድረግ ይገደዳል። ይህም ካልበቃ ያለው አማራጭ ዋጋው ከፍተኛ የሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። የመስኖ ፓምፖች በሚሠሩባቸው የበጋ ወራት የመኖሪያ ቤት የእጅ ፓምፖች ስለሚደርቁ፣ ቤተሰቦች የመጠጥ ውሃ ከሩቅ ለመቅዳት ይዳረጋሉ። በደቡብ ምዕራብ ባሉት የኩልናና የሳትኪራ አካባቢዎች ደግሞ የጉድጓዱ ውሃ በብዙ ቦታ ጨዋማ በመሆኑ ለመስኖ አይመችም።

የአርሴኒክ ችግር

ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ በተፈጥሮ በደለሉ ውስጥ የሚገኘው አርሴኒክ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ነው። በባንግላዴሽ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ጥልቀታቸው 150 ሜትር ካልሞላ ጉድጓዶች መካከል 27 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ሊትር ውሃ ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን 10 ማይክሮግራም ነው።

ውሃው ለመስኖ ሲውል አርሴኒኩ በማሳው አፈር ላይ ይከማቻል፤ ውሃ በተኛበት ማሳ የበቀለው ሩዝም ወደ ፍሬው ይወስደዋል። የክረምቱ ጎርፍ የሚያጥለቀልቃቸው ማሳዎች ከክምችቱ ከፊሉ ይታጠብላቸዋል። ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ በአብዛኛው ከአርሴኒክ የጸዳ ቢሆንም፣ በብዛት ለመስኖ ከወጣ የላይኛውን የተበከለ ውሃ ወደ ታች ሊስብ ይችላል። በዚህም የተነሳ ባለሙያዎች ጥልቁ ውሃ ለመጠጥ እንዲቆይ ይመክራሉ።

የመፍትሔ እርምጃዎች

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የውሃ ሕግ፣ በ2018 ደግሞ ለእርሻ የሚውለውን የከርሰ ምድር ውሃ የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። በሁለተኛው ሕግ መሠረት የመስኖ ጉድጓድ ለመትከል ፈቃድ ያስፈልጋል። በባሪንድ አካባቢ አርሶ አደሮች በቅድሚያ በሚሞላ ካርድ ለተጠቀሙበት የመስኖ አገልግሎት ብቻ የሚከፍሉበት አሠራር ተዘርግቷል።

በማሳ ደረጃ ከሚመከሩት ዘዴዎች አንዱ ማሳውን ሁልጊዜ ውሃ ከማስተኛት ይልቅ እያጠጡና እያደረቁ ማልማት ነው። አርሶ አደሩ የተበሳሳ ቱቦ በማሳው ላይ ቀብሮ የውሃውን ከፍታ ይመለከታል፤ ውሃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወርድ እንደገና ያጠጣል። ዘዴው ውሃና ነዳጅ ከመቆጠቡም በላይ ወደ ሩዙ የሚገባውን አርሴኒክ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ ውሃ በሚያጥርባቸው ቦታዎች ከሩዝ ይልቅ ስንዴ፣ በቆሎና ጥራጥሬ ማልማት አማራጭ ሆኗል። በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖች የናፍጣ ወጪን ቢያስቀሩም፣ ውሃውን ለማውጣት የሚጠይቁት ዕለታዊ ወጪ አነስተኛ በመሆኑ ቁጥጥር ካልተደረገ ከልክ በላይ ለመሳብ ሊገፋፉ ይችላሉ።

የባንግላዴሽ ተሞክሮ እንደሚያሳየው በዴልታ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃን ለመስኖ ማዋል በራሱ ጎጂ ወይም ጠቃሚ አይደለም። ውጤቱን የሚወስነው በየአካባቢው የሚወጣው ውሃ በክረምት ከሚተካው ጋር ያለው ሚዛን ነው። በመሆኑም የውሃውን ከፍታና ጥራት በየጊዜው እየለኩ፣ የጉድጓዶችን ቁጥርና የሰብሎችን ዓይነት ከልኬቱ ጋር ማጣጣም የበጋውን ምርትና የመጠጥ ውሃውን በአንድነት ለመጠበቅ ወሳኝ መሆኑን ባለሙያዎች ያስገነዝባሉ።