«ኮፊ» እና ቡና፦ አንድ ቃል የሄደበት መንገድ



ሰሞኑን መቱ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ እንግሊዝኛው ‹ቢን› የሚለው ቃል ከኛ ‹ቡና› የመጣ ነው የሚል ፖስት አየሁ፤ እውነት ነው እንዴ?» ትላለች። መልሱ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አጭሩ መልስ፦ አይደለም። «ቢን» እንግሊዞች ባቄላውንም ቦሎቄውንም የሚጠሩበት የቆየ ቃል ነው። ጀርመኖች «ቦነ»፣ ሆላንዶች «ቦን» ይሉታል፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ከ1000 ዓመት በላይ ኖሯል። ቡና ግን እንግሊዝ አገር የደረሰው ገና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለንደን የመጀመሪያዋን ቡና ቤት ያየችው እ.ኤ.አ. በ1652 ነው (ቢራ የሚሸጥበትን የኛን «ቡና ቤት» አይደለም፣ የምሬን ቡና የሚጠጣበትን ማለቴ ነው)። ሰው ያላየውን ነገር ስም አይበደርም።

ግን ጥያቄው ራሱ ወደ ሌላ፣ ከሱ ወደሚበልጥ ጥያቄ ይወስደናል። ቡና ባቄላ አይደለም። የቀይ ፍሬ ውስጥ ዘር ነው። ታዲያ ለምን «ኮፊ ቢን» አሉት? ምክንያቱም እንግሊዙ ቡናን ያገኘው በዛፉ ላይ አይደለም፤ በጆንያ ውስጥ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ፣ ከመርከብ ሲወርድ ነው። ሲያየው ባቄላ መሰለው፣ ባቄላ አለው።

እኛ ዘንድ ይህን አታገኙም። ፍሬው ቀልቶ ሲለቀም እሸት ቡና ነው። ከነገለባው ሲደርቅ ጀንፈል፣ ገለባው ሲወልቅ ቅሽር ይባላል። ተፈልቶ ሲቀርብ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይቀጥላል። ኦሮሞ ዘመዶቻችን ከነገለባው በቅቤ የሚያበስሉትን ለይተው «ቡና ቀላ» ይሉታል፤ «ቀላ» ማለት የታረደ ነው፤ ፍሬውን እንደ መሥዋዕት አዩት ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን ለየደረጃው ስም ሲፈልግ ከሌላ ነገር ነው የተዋሰው። ቀዩን ፍሬ «ቼሪ» አለ፣ የሌላ ዛፍ ፍሬ ስም ነው። ስሱን የውስጥ ልባስ «ፓርችመንት» አለ፣ ብራና ማለት ነው። ዘሩን «ቢን» አለ። ልጆች፣ ቃላት የሚነግሩን ስለ ነገሩ ብቻ አይደለም፤ ሰው ያንን ነገር የት ላይ እንዳገኘውም ይነግሩናል።

«ኮፊ» ራሱስ? ከከፋ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። መዝገበ ቃላት የሚከተሉት መንገድ ግን ሌላ ነው፦ ከዓረብኛው «ቀህዋ» ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ። «ቀህዋ» ደግሞ ቡና ሳይመጣ በፊት የወይን ጠጅ ስም ነበር። ዓረቦች መጠጡን «ቀህዋ» ሲሉት ዘሩን «ቡን» ይሉታል፤ ከኛ «ቡና» ጋር የሚገጥመው ይሄኛው ነው። አውሮፓ ታዲያ የመጠጡን ስም ወሰደ፣ የዘሩን ተወ።

አሁን ተመሳሳይ ቃላቱን ተመልከቱ። እንግሊዝኛ ቡናን «ሞካ» ይላል፤ ሞካ ቡና ይጫንባት የነበረች የየመን ወደብ ናት። «ጃቫ» ይላል፤ ጃቫ ሆላንዶች በቅኝ ግዛት ዘመን ቡና የተከሉባት ደሴት ናት። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ መዘገበው፤ የዓረብ ቡና እንደማለት። ወደቡ ስም አገኘ፣ እርሻው ስም አገኘ፣ ሻጩ ስም አገኘ። የበቀለበት ጫካ ግን የለበትም። ቃሉ ዞሮ ዞሮ ወደኛ ሲመለስ እንኳ «ካፌ» ሆኖ ነው የመጣው፤ ዛሬ መቱ መንገድ ዳር የሚሰቀለው ታፔላ ላይ ታዩታላችሁ።

«እኛ ወደብ ስላልነበረን ነው» የሚል ይኖራል። ነበረን እኮ! ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት ባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እዚያ ድረስ ይመጣ ነበር። የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል በበቅሎና በሰው ሸክም ይወርዳል፣ ተጭኖ ይሄዳል። እንግሊዞች ጎሬ ላይ ቆንስላ እስከመክፈት ደርሰው ነበር። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ያ ሁሉ ቡና በባሮ ሲወርድ «ጎሬ» የሚል የቡና ስም ግን በዓለም አልቀረም።

ይሄ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስም ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ከስታርባክስ ጋር ብዙ ተከራክራ በ2007 ነው የተስማማችው። ስም ባዶ ቢሆን ያን ያህል ሙግት ለምን? የኢሉባቦር ቡና ከሦስቱ ውስጥ አልነበረም። የኛ ቡና በውጭ ገበያ ለረጅም ጊዜ ከከፋው ጋር ተደባልቆ «ጅማ» እየተባለ ነው የተሸጠው። ጅማዎች ወንድሞቻችን ናቸው፣ ቅሬታ የለኝም። ግን የያዮ ገበሬ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ስሙን ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ያ የያዮ ጫካ እኮ የዱር ቡና ስላለበት ነው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበው።

ስለዚህ ልጄ፣ «ቢን» ከኛ አልመጣም፤ ያልሆነ ክብር አያስፈልገንም። የሆነው ይበቃናል። ከናንተ ውስጥ ቡና የምትነግዱ፣ የምትልኩ፣ ውጭ አገር ካፌ የከፈታችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከረጢቱ ላይ የቀበሌውን ስም ጻፉበት። መቱ በሉ፣ ጎሬ በሉ፣ ያዮ በሉ፣ ሁሩሙ በሉ። ሞካም እኮ የወደብ ስም ነበር፤ የቡና ስም ሆኖ ቀረ።

እስኪ በየሰፈራችሁ የምታውቋቸውን የቡና ቃላት ከታች ጻፉልኝ። በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሌላም ቋንቋ ይሁን። እሰበስባቸዋለሁ።

መልካም ቡና፣ ቡና አጣጪ አያሳጣችሁ!